አጋፋሪ የሌለበት ማዕድ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የማታ ጥናት ጥቂት ቃል አቅርበን ነበር። ዛሬ ግን ከቤት ወጥተን ከሆቴል ማዕድ ላይ እንቀመጣለን። ይህ ገጽ የቤተሰብ ገጽ ሲሆን የሆቴልን ነገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። የክርስትናው ድግስ፣ የምረቃው ደስታ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ዘመድ አቀባበል፣ የዕርቅ ማዕድ እንኳ ሳይቀር ከሳሎናችን እየወጣ ወደ ሆቴል አዳራሽ የሚሄድበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ቤቱ ጠበበ፤ ከወጥ ቤት የሚቆመው ሰው አነሰ፤ ልጆቹም በየሥራቸው ተበተኑ። ስለዚህ ጠሪው ማዕዱን ለሌላ ሰው አደራ ይሰጣል። አደራ ያልሁትን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የምጽፈው ነገር ሁሉ በዚህ ቃል ላይ የቆመ ነውና።

ገንዘብ ከፍሎ እህል መብላት ለአገራችን ሰው የቈየ ልማድ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ፣ ምግብን በዋጋ መግዛት ነውር መስሎ ስለ ታየ ደፍሮ የሚገባ የአገር ሰው ጠፍቶ እንደ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተውና ከፍለው ልማዱን እንዳስጀመሩ ይተረካል። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ። እኔ ግን የነዚያን ሰዎች እፍረት እንደ ሞኝነት አልቈጥረውም። በእነርሱ ዘንድ ያበላ ሰው ማለት ያከበረ ሰው ነበረ፤ አክባሪም የአክብሮቱን ዋጋ አይጠይቅም። እህሉ በገንዘብ ሲሸጥ አብሮት የነበረው ክብር ወዴት ይሄዳል ብለው ቢጨነቁ የሚያስነቅፋቸው አይደለም።

እስቲ የቤተ መንግሥቱን ግብር እናስታውስ። አጋፋሪው ከበሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው በፊቱ ያውቀዋል፤ ማዕረጉንና ዘመዱን፣ ይልቁንም ከማን ጋር ተቀምጦ ሊበላ እንደሚችልና ከማን ጋር ሊቀመጥ እንደማይገባው ያውቃል። አሳላፊው እንጀራውና ወጡ ሳይጓደል መድረሱን ይጠብቃል። ጠጅ አሳላፊው ደግሞ ከመስጠቱ አስቀድሞ ከያዘው መጠጥ ጥቂት በመዳፉ አንቈርቍሮ ይቀምሳል፤ ይህም የሚያጠጣህ ነገር ቢጎዳህ አስቀድሞ እኔን ይጉዳኝ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሥርዐት ለትልቅነት ማሳያ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ከተጠሩት መካከል የተጣሉ ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው በታች ቢቀመጥ ቂም የሚይዝ ነበረ፤ ስለዚህ አጋፋሪው በአቀማመጥ ብቻ ብዙ ጠብ ሳይነሣ ያስቀር ነበር። ዛሬ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ የምንለው ሰው የተረከበው ይህን ሹመት ነው፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ የተረከቡት የገንዘብ ሣጥኑን ቍልፍ ብቻ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልግባ።

አክስቴ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ እዚሁ አዲስ አበባ ይኖራል፤ ታናሹ አሜሪካ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አባታቸው ከሞቱ በኋላ በቤት ክፍፍል ምክንያት ተጣልተው 6 ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ ኖረ። ሽማግሌዎች በቴሌፎንም በአካልም ብዙ ደክመው በመጨረሻ ነገሩን አበረዱት፤ የቀረው ሁለቱ ከእናታቸው ጋር በአንድ ገበታ መቅረባቸው ብቻ ነበር። ማዕዱ በታላቁ ቤት ይሁን ቢባል ታናሹ ተሸንፎ የመጣ ይመስላል። በእናትየው ቤት እንዳይሆን የጠቡ ምክንያት ያው ቤት ነው። እንግዲህ ማናቸውም ባለቤት የማይሆንበት ቦታ ይሻላል ተብሎ ሆቴል ተመረጠ፤ መራጩም እኔ ነበርሁ።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ጊዜውም የነቢያት ጾም ስለ ነበረ፣ ከልደት በኋላ ቢደረግ መልካም በሆነ ነበር። ነገር ግን ታናሹ ከሥራው ያገኘው ፈቃድ 12 ቀን ብቻ ስለ ሆነ ቀኑን ማሳለፍ አልተቻለም። የምንቀመጠው 18 ሰዎች ነን፤ ከነዚህም 7ቱ ጾመኞች፣ 11ዱ የሚፈስኩ ናቸው። ከሳምንት በፊት ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ሁሉን ነገርሁት፤ በተከለለው ክፍል አንድ ረጅም ገበታ እንዲዘረጋልን፣ የጾሙ ምግብ በተለየ ድስትና በተለየ ጭልፋ እንዲሠራ፣ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ እንዲቀርብ ለመንሁት። የምሽቱንም ምክንያት ሳልሸሽግ አጫወትሁት። እርሱም ለእያንዳንዱ ቃሌ «ችግር የለም» እያለ መለሰልኝ፤ እኔም 10,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ ደረሰኝ ተቀበልሁ። በደረሰኙ ላይ ቀኑና ገንዘቡ ብቻ ተጻፈ እንጂ ክፍሉም የሰዉ ቍጥርም የጾሙም ነገር አልተጻፈም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የቤት ኪራይ ውል ሳይጽፍ የማይገባ ሰው የዘመድ ክብር የሚያርፍበትን ነገር በ«ችግር የለም» ብቻ አምኖ መሄዱን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

በቀጠሮው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ደረስን። እውነቱን ለመናገር ከእኛም መካከል 4ቱ 25 ደቂቃ ዘግይተው መጥተዋል። ክፍላችን ግን ቀድሞውኑ ለሌላ ማኅበር ተሰጥቶ፣ ሰዎቹ እየዘፈኑ ኬክ ይቈርሱ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ብንጠይቅ አንድ ልጅ ልኮ «በሦስት ጠረጴዛ ተካፈሉ ብለዋል» አሰኘ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የጠየቀን የለም። ወንበር በተገኘበት ተቀመጡ ሲባል፣ ታናሹ ከሚፈስኩት ጋር በመስኮቱ በኩል ሆነ፤ ታላቁ ከእናቱና ከጾመኞቹ ጋር ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጠ። በመካከላቸው የማናውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ስለዚህ 6 ዓመት ተለያይተው የኖሩት ወንድማማቾች፣ ለመታረቅ በመጡበት ምሽት፣ በባዕድ ሰው ጀርባ ላይ ይተያዩ ጀመር።

ብዙ ሰው ለሚቀመጥበት ማዕድ ምግብ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሥራውን በሚያውቅ ቤት አንድ ሰው ከወጥ ቤቱ በር ቆሞ ፈጣኑን ምግብ ለዘገየው ያስጠብቃል፤ ጥብሱ ወደ እሳት የሚገባው በያይነቱ እንጀራው ላይ መውጣት ሲጀምር ነው፤ ክትፎውም የሚለሰለሰው ሳሕኑ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ነው። በዚያ ቤት ግን እንዲህ የሚያዝ ሰው አልነበረም። ጥብሱ በሸክላ ከነፍሙ፣ ክትፎውም ከነአይቡ፣ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ፈጥኖ ደረሰ፤ ወደ እኛ ግን አንድ ጭልፋ ሽሮ እንኳ አልመጣም። እናት ሳትቈርስ መጀመር ነውር ስለ ሆነ የመስኮቱ ጠረጴዛ ጠበቀ። ጥብሱ በፍሙ ላይ ደረቀ፤ ክትፎው ቀዘቀዘ፤ ሕፃናቱ አለቀሱ። በመጨረሻ አክስቴ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው «ብሉ» አሏቸው። ታናሹም ጀመረ። ታላቁ ይህን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደ ተለወጠ አጠገቡ ስለ ነበርሁ አየሁት። ምንም አልተናገረም።

የጾሙ ምግብ ከ50 ደቂቃ በኋላ መጣ። አክስቴ እጃቸውን ሰደዱ፤ ወዲያውም መለሱት። ጎመኑ ቅቤ ነክቶታል። ከ50 ዓመት በላይ ከምድጃ ፊት የቆሙ ሴት ስለ ሆኑ ይህን ለማወቅ መቅመስ አላስፈለጋቸውም። ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ነገር እንዳታነሣ፤ ለኔ ዳቦና ሻይ ይበቃኛል» አሉኝ።

ቢሆንም ተነሥቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድሁ። ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ተቀምጦ ቴሌፎኑን ይመለከት ነበር። ሲያየኝ አልተነሣም። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ «እንዲህ ያለ ነገር እኛ ቤት አይደረግም» አለ። ሳሕኑን አምጥቼ ባሳየው፣ አንዲቱን አስተናጋጅ ጠራና በእንግዳው ሁሉ ፊት «ከደመወዝሽ ይቈረጣል» አላት። ልጅቱ ጎመኑን አልሠራችውም፤ ጠረጴዛውንም አልከፋፈለችውም፤ እንዲያውም ከመጣን ጀምሮ ለአክስቴ ውሃ ያመጣችና ከጀርባቸው ትራስ ያደረገችላቸው እርሷ ብቻ ነበረች። ይህን ስናገር ትከሻውን ነቅንቆ፣ «ጾም እንዲህ የሚያጠብቁ ከሆነ ከቤታቸው ቢበሉ ይሻላቸው ነበር» አለኝ።

ይህን ቃል ታናሹ ሰማ።

እርሱ በሚኖርበት አገር፣ ገንዘብ የከፈለ ሰው ጉድለት ሲያይ አለቃውን ጠርቶ በግልጥ መናገር የተለመደ ነው፤ ማንም እንደ ብልግና አይቈጥረውም። ስለዚህ ብድግ ብሎ መጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ እናቴን ይቅርታ ጠይቅ አለው። ታላቁ ደግሞ ያደገበትን ልማድ ይዞ፣ እናት በተቀመጠችበት መጮህ ማዕዱን ማዋረድ መስሎ ስለ ታየው፣ «እናታችን ባለችበት! ዝም አትልም?» ብሎ ገሠጸው። ታናሹ ወደ ወንድሙ ዘወር አለ። «አንተ ሁልጊዜ ዝም የምታሰኘው እኔን ነው» አለው። ይህ ቃል ስለ ጎመኑ የተነገረ እንዳልሆነ ከእኛ ወገን ያልገባው ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም ሁለቱ ወንድማማቾች ሲነጋገሩ ዕድል አግኝቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም በኋላ አልወጣም።

እኔ በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ቅቤው አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ ይሳሳታል፤ በእኔም ቤት ተሳስቶ ያውቃል። ክፍል በስሕተት ለሁለት ሰው ይሰጣል፤ እንጀራ ያልቃል፤ መብራት ይጠፋል። ይህን ሁሉ እንግዳ ይቅር ይላል፤ የቤቱ አለቃ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ከጠረጴዛው ዘንድ ሄዶ፣ ዝቅ ብሎ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሁን አስተካክላለሁ» ካለ ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ጠሪውም ፊቱ ይበራል፤ ተጠሪውም የተናቀ አይመስለውም። አለቃው ሲሸሸግ ግን ጥፋቱ ባለቤት ያጣል፤ ባለቤት ያጣ ጥፋት ደግሞ በአጠገቡ ባገኘው ሰው ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ምሽት በመጀመሪያ በድኻዪቱ ልጅ ላይ፣ ቀጥሎም በወንድማማቾቹ ላይ ወደቀ።

ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ያልቀረቡልን 3 ምግቦች ተጽፈዋል። ቀብዱ አልተቀነሰም፤ ደረሰኙን ካሳየሁ በኋላ ተቀነሰ። በምግቡ ዋጋ ላይ ለአገልግሎት ከመቶ 10፣ በዚያም ድምር ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ተጨምሯል፤ ስለዚህ በምግብ ዝርዝሩ 100 ብር ተብሎ የተጻፈው በሒሳባችን 126 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ መጣ። ታክሱ የመንግሥት ገንዘብ ስለ ሆነ ቅር አላለኝም። ስለ አገልግሎቱ ግን አክስቴ ወረቀቱን አስነብበው፣ «ይኸ የምን አገልግሎት ነው?» ብለው በእውነት ባለማወቅ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁና «የቤቱ ልማድ ነው» ብዬ ከፈልሁ።

ይህን ስጽፍ ትሕትናን ከነጋዴ መጠበቅ ከምጽዋት የሚቈጠር የሚመስለው ሰው ስለሚኖር፣ አንድ ነገር ላስታውስ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ስለ ሸማቾች መብት ሲደነግግ፣ ስለ ዕቃው ዓይነትና ጥራት እውነተኛ መግለጫ ማግኘትን ብቻ ሳይሆን፣ በማናቸውም ነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድን፣ ከስድብና ከዛቻም መጠበቅን በግልጥ ጨምሮ ጽፏል። ሕግ አውጪው ትሕትናን እንደ ሚዛንና እንደ ዋጋ ዝርዝር ሁሉ ከሚገባን ነገር ቈጥሮታል ማለት ነው። ስለ ጎመን ሙግት ይነሣ አላልሁም፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ይህን አንቀጽ ያነበበ አይመስለኝም።

በሌላው ወገን ደግሞ ባለ ሆቴሎቹ የሚያቀርቡብን ክስ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። 20 ሰው እንመጣለን ብለን 12 ሆነን እንመጣለን፤ ወይም ሳንናገር 30 እንሆናለን። በ1 ሰዓት ተቀጥረን በ2 ሰዓት ተኩል እንደርሳለን፤ ከዚያም ምግቡ ቀዘቀዘ ብለን እንቈጣለን። አስተናጋጁን በጭብጨባ የምንጠራ፣ ልጅ እግሩን ሁሉ እንደ ቤት አሽከር የምንናገር ብዙ ነን። የኔ ወዳጅ የሆነ አንድ ባለ ምግብ ቤት፣ ለብዙ ሰው የሚደረግ ግብዣ ሲመጣለት የሰውን ቍጥር፣ የሰዓቱን ልክ፣ የጾምና የፍስክ ምግቡን ለይቶ፣ የሚያስተናግደውንም የአንድ ሰው ስም ጨምሮ በወረቀት ላይ ይጽፍና ከጠሪው ጋር ይፈራረማል፤ ከቀጠሮው በ30 ደቂቃ ያለፈ ሰው ቢኖር ምግቡ ለቀሩት ይወጣል የሚልም ቃል አለበት። መጀመሪያ ይህን ወረቀት ሲያሳየኝ ነገረ ፈጅ መስሎኝ ሥቄበት ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ሄጄ አንድ ግልባጭ ለመንሁት፤ አሁን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

በማግስቱ ለቤቱ ባለ ንብረት ደብዳቤ ጻፍሁ። ገንዘብ እንዲመለስልኝ አልጠየቅሁም፤ የልጅቱ ደመወዝ እንዳይቈረጥ፣ ተቈርጦም እንደ ሆነ እንዲመለስላት ብቻ ለመንሁ። ደብዳቤውን በእጄ ወስጄ ለዘበኛው ሰጠሁ። መልስ እስካሁን አልደረሰኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ በመስኮቱ አሻግሬ ብመለከት ልጅቱን አላየኋትም፤ ምናልባት የዕረፍት ቀኗ ይሆናል።

ታናሹ ፈቃዱ ባለቀ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ልናደርሰው ሄድን። ታላቁ ማንም ሳይጠራው መጣ። አክስቴ ያሰናዱትን ሽሮና በርበሬ የያዘውን ካርቶን ከእጄ ተቀብሎ፣ ራሱ ተሸክሞ ከወንድሙ ጋር እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ስለ ቤቱም ስለዚያ ምሽትም አልተነጋገሩም። ሲሳሳሙ አየኋቸው፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የጠበቁት አብሮ መብላት ሳይፈጸም ቀረ። አክስቴም የገዙትን አዲስ መሶብ ከነመሸፈኛው መልሰው ከቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት፤ ታናሹ በሚቀጥለው ዓመት ለፋሲካ እንደሚመጣ ተናግሯል።